የውቤ ክኒንና የዘገየው ልጅ

በመርሳ ከተማ ገበያ ዳር ስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ውቤ፣ ሱሪ ማሳጠር ያውቅበታል፤ ወሬ ማሳጠር ግን አይሆንለትም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። ክኒኑን ጠዋትና ማታ ስለሚውጥ ግን ከጣለው ዓመታት አልፈዋል።

ደስታነሽን አግብቶ ልጅ ሲዘገይ፣ ጣት ሁሉ የተቀሰረው እሷ ላይ ነበር። እናቷ እማማ የሻረግ ከግራና ከተማ በመጡ ቁጥር አብሽ በማር፣ ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ እያሉ ይግቷታል። ልጅቷ ወፈረች እንጂ አላረገዘችም። ቀሚሷን የሚያሰፋላት ደግሞ ያው ውቤ ነው። በኋላ ወልድያ ሄዳ ብትመረመር፣ «ምንም የለብሽም» ተባለች።

«እንግዲህ የቀረኸው አንተ ነህ» አለችው ምሳ ላይ።

«እኔ ምን አለብኝ? ከመጣሉ በቀር ፍጹም ጤነኛ ነኝ!»

አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ልቡ ፈርቷል። አንድ ደንበኛው፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የወንድ ዘር ይቀንሳል ሲባል በሬዲዮ መስማቱን አውግቶት ነበር። ውቤም ማንንም ሳያማክር ክኒኑን እርግፍ አድርጎ ተወው።

ብዙም አልቆየ። ልጃቸውን ሊድሩ ሙሉ ልብስ የሚያሰፉትን የአቶ ሀይሉን ወገብ በሜትር አቅፎ እየለካ ሳለ ጣለው። ሜትሩን አልለቀቀምና አቶ ሀይሉም አብረውት ወደቁ። ሰው ተሯሩጦ ውቤን በጎኑ አስተኛው፤ ከራሱ ሥር ጨርቅ አድርጎም እስኪነቃ ጠበቀው። ውቤ ዓይኑን ሲገልጥ፣ አጠገቡ ተቀምጠው ወገባቸውን የሚያሹትን አቶ ሀይሉን አየ።

«አንቱንም ይጥልዎታል እንዴ ጋሼ?» አላቸው።

ገበያው ሳቀ፤ ደስታነሽ ግን አልሳቀችም። ክኒኑን ማቆሙን አውጣጥታ ስትደርስበት፣ በማግስቱ ሚኒባስ ላይ አሳፍራ ወልድያ ሆስፒታል ወሰደችው።

ዶክተር ማህሌት ታሪኩን ሰምታ ተቆጣች። «እውነት ነው፣ ይሄ ክኒን በአንዳንድ ወንዶች ላይ የዘሩን ቁጥርና ቅልጥፍና ይቀንሳል። በራስህ ጊዜ ማቋረጥ ግን ሊገድልህ ይችላል። መጀመሪያ እንመርምርህ» ብላ ክዳን ያለው ብልቃጥ ሰጠችው።

ውቤ ወዲያው ብልቃጡን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ኮራ ብሎ ተመለሰ። የላብራቶሪ ሠራተኛዋ ሳሚራ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሽንት ነው።»

«ታዲያ ምን ነበር የፈለጋችሁት?»

ሳሚራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው።

«እዚህ? በጠራራ ፀሐይ?» ብሎ ጮኸ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ደስታነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ሳቋን አፈነች።

እንደ ምንም ሰጥቶ ውጤቱ ሲመጣ፣ ቁጥሩ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ውቤ አንገቱን ደፋ። «ወንድነትህ አልቋል ይበሉኛ፣ ዶክተር።»

«ወንድነትህን ማን ነካብህ? የምንቀይረው መድኃኒቱን ነው» አለችው።

ያቋረጠውን ክኒን መልሳ አስጀመረችውና፣ እሱን ቀስ በቀስ እየቀነሰች፣ በምትኩ ሌላ እየጨመረች ቀየረችለት። አዲስ ዘር እስኪተካ ወራት ይፈጃልና ታገሥ ስትለው፣ እሺ አለ። ግን በየቀጠሮው ገና ከበሩ ሳይገባ፣ በግ እንዳሰማራ ሰው «ዛሬስ ስንት ደረሱ?» ይላታል። አንዴ እንደዚህ ሲል የሰማች አንዲት ሴት፣ ከብት አርቢ መስሏት ስለ መኖ ዋጋ ጠየቀችው።

ደስታነሽ ስታረግዝ ውቤ መርሳን አንድ ዙር ዞሮ ለሁሉም ነገረ፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። አዲሱ መድኃኒት ተስማምቶት መጣሉም አልተመለሰበትም። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ስሟንም ብዙነሽ አላት።

«አንድ ልጅ ወልደህ ምኑ ነው የበዛው?» አለችው ደስታነሽ።

«ጩኸቷ አይሰማሽም?» አለና፣ ስፌት መኪናውን አቁሞ ሊያባብላት ተነሣ።