የቀለሟ ነጭ ሳህን

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው እርግጠኛ እመስላለሁ፤ አይደለሁም። ቀኑን የያዝኩት በጊዮርጊስ ንግሥ ነው፤ እትዬ እማዋይሽና ልጃቸው ነጭ ለብሰው ሲወጡ አይቻለሁና። ግን ያ ነጭ ልብስ የሌላ በዓል ቢሆንስ? ዝናቡም ግራ ያጋባኛል። በትዝታዬ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማኛል፤ ወለጋ እንዲያ የሚዘንበው ደግሞ ከግንቦት ወዲያ ነው። ይሁን። ቅዳሜነቱን ግን አልጠራጠርም፤ ቀለሟ ጉሉማ የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር።

ያን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት ተልኬ ነቀምቴ አስተምር ነበር። ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ የእትዬ እማዋይሽን የጎን ክፍል ተከራይቻለሁ። እትዬ እማዋይሽ ጎጃም ተወልደው በባላቸው ሹመት ነቀምቴ የመጡ፣ ባላቸው ሲሞቱ እዚያው የቀሩ ሴት ናቸው። አብራቸው ያለችው አንዲት ልጃቸው በዛብሽ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ከማስተምራቸው ተማሪዎች አንዷ።

ቀለሟ የቤት ዕቃ አጽጂ ነበረች። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ያወቅሁት በእሷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ፈረንጆች ቤት ሠርታ፣ የተማረችውን ይዛ ወጥታ፣ ከተማውን እየዞረች የላምባ ምድጃ ትፈታለች፣ የከሰል ካውያ ሆድ ትፍቃለች። የልብስ ማጠቢያ መኪና ያላቸው ሁለት ሦስት ቤቶችም እሷን ሳይጠሩ አይነኩትም። ከቀኝ እጇ ጣቶች ሁለቱ ጥፍር የላቸውም፤ የመኪናው መጭመቂያ በልቷቸዋል።

«ልብስ መስሎት ነው» ትላለች ስትጠየቅ፣ ሳትስቅ።

ካውያ የምታጸዳው በጨውና በሰም ነው። የጋለውን ብረት ጨው በተነሰነሰበት ጨርቅ ላይ ታመላልሰዋለች፤ ከዚያ የጧፍ ቁራጭ ታሸዋለች።

«ቤተ ክርስቲያናችንን ትተሽ ሚሲዮን ገባሽ፤ ጧፋችንን ግን አልተውሽም» ይሏታል እትዬ እማዋይሽ።

«ጧፉ ምን አደረገኝ፣ እትዬ?»

ጥቅሏ ውስጥ ከመፍቻውና ከብሩሹ ጋር አንዲት ነጭ ሳህን ነበረች። የሚነድ ዕቃ ሁሉ በእሷ ይፈተናል። ሳህኗን የነበልባሉ ትንፋሽ በሚወጣበት በኩል ትደቅናለች፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለች በቀስታ ትቆጥራለች፤ ሃምሳ ሲሞላ ገልብጣ ታያለች። ነጭ ከሆነ ዕቃው ደኅና ነው። ከጠቆረ እንደገና ትፈታዋለች።

በየካቲት አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን መሸጡ ተሰማ። እትዬ እማዋይሽ ለፋሲካ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ሊገዙ ቆርጠው ነበርና ቀለሟን አስከትለው ሄዱ፤ ከፈረንጁ ጋር እንዳስተረጉም እኔም ተጎተትኩ። ሁለት ፍሪጆች በረንዳ ላይ ቆመዋል። አንዱ ትንሽ፣ ቀለሙ የተላጠ። ሌላው እኔን የሚያክል፣ እጀታው የሚያብረቀርቅ።

ቀለሟ ከፊት አላየቻቸውም። ዞራ ከኋላ ተንበረከከች፤ የጭስ ማውጫቸውን በጣቷ ጠረገች፣ አሸተተች።

«ትልቁን ይተዉት፣ እትዬ። ጀርባው ታሟል።»

«ዕቃ ይታመማል እንዴ?»

«ይኸው፣ አንድ ጎኑ ብቻ ነው የጠቆረው። ነበልባሉ ያጋድላል ማለት ነው። ትንሹ ንጹሕ ነው።»

እትዬ እማዋይሽ ትልቁን ከላይ እስከ ታች አዩት። «የዳኛውን ሚስት ፍሪጅ አጽድተሻል አይደል?»

«ኤዬ፣ አጽድቻለሁ።»

«ከዚህ ይበልጣል?»

«ያንሳል።»

«እንግዲያው ይኸኛውን ጫኑልኝ!»

በረንዳው በሳቅ ሞላ፤ ፈረንጁም ሳይገባው ሳቀ። ቀለሟ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች።

መጀመሪያ ሳሎን ቆመ። ቀለሟ አናቱ ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጣ፣ ውኃው እስኪስተካከል ድረስ ከእግሩ ሥር የእንጨት ቁራጭ ወሸቀች። በየቅዳሜው ክሩን እየቆረጠች፣ ጥቀርሻውን እየጠረገች ሁለት ወር ሄደ። ሳህኗ ቢበዛ ግራጫ ትሆን ነበር። ነገር ግን የመጣ እንግዳ ሁሉ በሩን እየከፈተ እጁን ከተተ፣ ተደነቀ። እትዬ እማዋይሽ ዓይን ፈሩ፣ ሌባም ፈሩ። በፋሲካ ማግስት እሳቸውና በዛብሽ ወደሚተኙበት ክፍል አስገቡት። ራሳቸው የሠሩትን ዳንቴል አለበሱት፤ ዳንቴሉ በኋላ በኩል እስከ ወገቡ ወረደ። ዝናብ እንዳይገባም የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ደፈኑት።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቀለሟ መጥታ የክፍሉ ደፍ ላይ ቆመች። እኔ ሳሎን የፋሲካውን ዶሮ እየበላሁ ነበር። ዳንቴሉን አነሳች፤ ሳህኗን ደቀነች። ሃያ ሳትደርስ አቆመች። ሳህኑ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ ይህ እዚህ አይሆንም። ሂን ታኡ። ወደ ሳሎን ይመለስ። ዳንቴሉም ይነሳ፣ አፉን ዘግቶታል።»

«ኩራዝ ስንት ዘመን ራስጌዬ ሲበራ አድሯል! ማንን ገደለ?»

«ይህ ኩራዝ አይደለም።»

«ከኩራዝ ምን ይለየዋል? ላምባና ክር ነው። ሚሲዮን ቤት ያስተማሩሽ መፍራት ነው እንዴ?»

ቀለሟ ወደ እኔ ዞረች። «ባርሲሳ፣ ማሎ፣ እባክህ አንተ ንገራቸው። አንተ ተምረሃል።» ባርሲሳ ማለት በኦሮምኛ አስተማሪ ነው፤ ሌላ ስም ሰጥታኝ አታውቅም።

አውቅ ነበር። በደንብ ያልነደደ ላምባ ሽታ የሌለው መርዝ እንደሚተፋ፣ በር በተዘጋበት ቤት የተኛን ሰው ሳያነቃ እንደሚወስድ ከመጽሐፍ አንብቤአለሁ። እጄ ላይ የእሳቸው እንጀራ ነበር።

«መስኮቱን ትንሽ ከፈት ቢያደርጉት አይከፋም» አልኩ።

«ብርዱን አንተ ልትችልልን ነው?» አሉ እትዬ እማዋይሽ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቀለሟ ሳህኗን ሳታጥብ ጠቀለለችው።

ሰኞ ዕለት በዛብሽ ክፍል ውስጥ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፍታ ዋለች። ማክሰኞ ጠዋት ጓሮ ሄዳ አስመለሳት። እናቷም ራሳቸውን በሻሽ አስረው «ቅቤው ነው» አሉ፤ ከሁዳዴ በኋላ ቅባት ያቅለሸልሻል፣ ራስም ያዞራል፣ በየዓመቱ ያለ ነው። ጎረቤቱም ሁሉ እንዲያ አለ፤ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ የፈሰከ ሰው ቢያመው ማን ይገረማል? ረቡዕ ስለ ፍሪጁ ልነግራቸው ተነሳሁ፤ ደፉ ላይ ደርሼ ስለ ዝናቡ አወራሁ። ማታ ማታ ከክፍሌ ሆኜ ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማውን ሳል እቆጥር ጀመር። ሳሉ ሲቆም ነበር የምፈራው።

ሐሙስ የቤቱ ድመት ሞታ ተገኘች። ለሙቀቱ ከፍሪጁ ጀርባ ትተኛ ነበር። ቀለሟ ጎረቤት ካውያ ልታጸዳ መጥታ ኖሮ ጩኸቱን ሰምታ ገባች። ድመቷን አንሥታ ከንፈሯን በአውራ ጣቷ ገለጥ አደረገች፤ ያለወትሮው የቀላውን ድዷን ረጅም ጊዜ አየች።

«የጎረቤት የአይጥ መርዝ ነው» አሉ እትዬ እማዋይሽ።

«በዛብሽን ያመማት ምንድን ነው?»

«ቅቤው ነዋ! ስንት ጊዜ ልናገር? ከጾም ስለወጣን ነው።»

«ድመቷም ጾማ ነበር፣ እትዬ?»

የሳቀ የለም። የእትዬ እማዋይሽ ፊት ጠቆረ። «ሟርተኛ! በልጄ ላይ ልታሟርቺ? ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ!»

«እሺ። ግን ሲሬ አንድ ቤት…» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችም። ድመቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ቆፍራ ቀብራት ሄደች።

እንግዲህ ያች ቅዳሜ መጣች። እናትና ልጅ ወደ ንግሡ እንደወጡ የውጭው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ቀለሟ ናት፤ ጥቅሏ ከወትሮው ይተልቃል።

«ወጥተዋል?»

«ወጥተዋል።»

መንገድ ለቀቅሁላት። ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ፣ ከዚያ ዝም። ስትወጣ እጇ በላምባ ጥቀርሻ ጠቁሮ ነበር። ፊቴን አየችኝ፤ አንድ ነገር እንድላት የጠበቀች መሰለኝ። የውጭውን በር ከፈትኩላት።

እትዬ እማዋይሽ ተመልሰው ሲገቡ ጩኸታቸው ሰፈሩን አናጋው። የፍሪጁ እሳት ጠፍቷል። ከሥሩ እሳቱ የሚነድበት ማንደጃ ከነክሩ፣ ከነላምባ መያዣው ተነቅሎ ተወስዷል፤ ዳንቴሉ ተጣጥፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። በፍሪጁ አናት ላይ ነጯ ሳህን፣ ጥቁሩ ወደ ላይ ሆኖ።

«ሌባ! እኔን ልታዋርደኝ! መምህር፣ ማን አስገባት?»

«ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ» አልኩ። እስክታንኳኳ ድረስ እውነት ነበር።

ፖሊስ ተጠራ። ስሟ በአንድ ቀን ከቤት ቤት ዞረ፤ ለዓመታት ቁልፋቸውን የሰጧት ሁሉ ዕቃቸውን መቁጠር ያዙ። ያ ማንደጃ ነቀምቴ ውስጥ ምትክ አልተገኘለትም፤ አዲስ አበባ ቢላክም አልተገኘም። ፍሪጁ የልብስ ቁም ሣጥን ሆኖ ቀረ። የበዛብሽ ራስ ምታት በሳምንቱ ለቀቃት። «ቅቤው ወጣልሽ» አሏት እናቷ። ዛሬ በዛብሽ የልጆች እናት ናት። እኔ ግን እስካሁን፣ ሰው በተኛበት ቤት ፍሪጅ ሲያንጎራጉር ከሰማሁ ተነሥቼ መስኮት እከፍታለሁ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑን እያወቅሁ።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። ጩኸቱን መቋቋም አቅቶኝ ወጣሁ። መንገድ ላይ የሥራ ባልደረባዬን ተረፋን አገኘሁት፤ የሲሬ ልጅ ነው። የሆነውን ስነግረው ቆም አለ።

«ቀለሟ? የጉሉማ ልጅ? እሷ እኮ ከእኛ ከተማ የወጣችው በፍሪጅ ምክንያት ነው።»

«እንዴት?»

«አንድ ነጋዴ ቤት ታጸዳ ነበር። ባልና ሚስት፣ ከሕፃን ልጃቸው ጋር፣ ጠዋት በሩ ተሰብሮ ነው ሬሳቸው የወጣው። የተኙ ነበር የሚመስሉት። ዕቃው ራስጌያቸው ቆሟል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ያጸዳችው እሷ ናት። ነግራቸው እንደሆነ፣ ፈርታ ዝም ብላ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።»

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጥኩ። በሲሬ በኩል የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩ ተነሥቷል፤ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ጆንያ ያስራል። ቀለሟ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ጥቅሉን ታቅፋዋለች፤ የማንደጃው ጠርዝ በጨርቁ ውስጥ ያስታውቃል። ዘመዶቿ በዚያ በኩል ቢላ በምትባል ከተማ ይኖራሉ ሲባል ሰምቼ ነበር።

አየችኝ። «ባርሲሳ! ሳህኔን አዩት?»

«አዩት።»

«ምን አሉ?»

«ሌባ አሉሽ።»

ሳቀች። ስትስቅ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። «ሌባ ይሻላል» አለች፤ «ይኼ ይሻላል።»

ከምን እንደሚሻል ገባኝ። የመስኮቱን ጠርዝ ያዝኩ። ሲሬ ላይ ነግረሻቸው ነበር? ወይስ እንደኔ ስለ መስኮቱ አንድ ቃል ብለሽ ሳቅሽ? ይህን ልጠይቃት አፌን ስከፍት ረዳቱ ጣሪያውን በመዳፉ ደበደበ። ጥፍር የሌላቸው ሁለቱ ጣቶቿ የኔን ጣቶች ከጠርዙ ላይ አንድ በአንድ አላቀቁ፤ እንዳልጎተት ነው።

«ነጋቲ፣ ባርሲሳ» አለችኝ፣ ደኅና ሁን ማለቷ ነው፤ አውቶቡሱ ጭቃውን እየረጨ ወደ ሲሬ መንገድ ታጠፈ።