ግራሩ የደረቀ ነበር

ባለቤቴን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከሚሴ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በአንድ ነገር ነው። በቀበሌው አዳራሽ ስለ ደን ጥበቃ በተከታታይ ከሚታዩት ፊልሞች በአንዱ ዛፍ ሲቆርጥ ይታያል። ካሜራ የያዙት ሰዎች ጨፋ ሜዳ ላይ ያለው ማሳችን ድረስ መጥተው «አባባ፣ አንዴ መጥረቢያውን ያንሱልን» ብለው ለመኑት። እሱም ምስጥ የጨረሰውን ግራር መታላቸው። ፊልሙ ሲወጣ ግን «የደን ጠላት ይህ ነው» የሚል ድምፅ ተጨምሮበታል።

በሕይወት ሳለ ፊልሙ በታየ ቁጥር ይሄዳል። «አባ መጥረቢያ መጣ!» እያሉ ሲስቁበት ከመቀመጫው ይነሳና «አኑማ፣ እኔው ነኝ፤ ግራሩ ግን የደረቀ ነበር» ይላል። ሳቁ ይብሳል።

«ተው፣ ቤትህ ዋል» እለዋለሁ።

«እኔ ከቀረሁ ማን ይነግራቸዋል?» ይለኛል።

እስኪሞት ድረስ አንድም ሰው አላመነውም።

ሶደቃው እንዳለፈ ፊልም የሚያሳየውን ሰውዬ «ባለቤቴ ሞቷል፤ እባክህ እሱ የሚታይባትን ቦታ ከፊልሙ ቁረጥልኝ» ብዬ ለመንኩት።

«እማማ፣ እሷ ከሌለች ማን ሊያይ ይመጣል?» አለኝ።

የእሱ ሌላ ምስል የለኝም። ስለዚህ አሁንም እሄዳለሁ፤ ሰዉ ሲስቅበት ከኋላ ቆሜ አየዋለሁ።