መጀመሪያ በውሃ

ባለቤቴ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ምሳ ሰዓት ግን አንድም ቀን ደርሶ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው «ቀስ በቀስ» ብሎ ይጠራዋል። እሱ ስሙ ደስ ይለዋል። እኔ ደግሞ እንቁላሏ እንኳ በእግሯ ሄዳ አንተን ቀድማ ምሳዋን በላች እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

ሱቃችን አንድ ክፍል ናት፤ በመስኮቱ በኩል የኔ የስፌት መኪና፣ በግድግዳው በኩል የሱ ጠረጴዛ። ሰዓት የሚያሠራ ሰው እየቀነሰ ሲመጣ፣ አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች እሱን ማዘውተር ጀመሩ። የተጣበቀባቸውን ሙጫ፣ ሰም፣ ምንነቱ የማይታወቅ ጥቁር ነገር ሁሉ ያስለቅቁታል። ከጠረጴዛው በላይ በገዛ እጁ የጻፈው ማስታወቂያ አለ፦ «ሳንቲም አይፈተግም። ሳንቲም አይለጠፍም።» አንድ ጊዜ አንድ ጡረተኛ መምህር ሳንቲማቸውን በሎሚና በአመድ አሽተው፣ እንደ መስታወት አብለጭልጨው፣ እየሳቁ ይዘው መጡ። ባለቤቴ ለቅሶ ቤት የገባ መሰለ።

«ቆዳዋን ገፈፏት እኮ ጋሼ» አላቸው። «ያ ጥቁረቷ ዕድሜዋ ነበር።»

መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ በውሃ፤ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መጠበቅ። ውሃ ካልቻለው አሴቶን። እሱም የጥፍር ቀለም ማጥፊያው አይደለም፤ የኔን ጠርሙስ ባቀብለው አሽትቶ «ይኼማ ሽቶ ነው» ብሎ መለሰልኝ። የላቦራቶሪ ዕቃ ከሚሸጡት ንጹሑን ያስመጣል። መፋቅ የለም፣ ማሸት የለም፣ ቢላ የሚባል ነገር አጠገቡ አይደርስም። እኔ ሦስት ቀሚስ ስጨርስ እሱ አንዲት ሳንቲም አፍጥጦ ሲጠብቅ ይውላል።

ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄው ምክንያት አለው፤ የነገረኝ ከተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። አባቱ የሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ነበሩ። ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ሲሄዱ ከኪሳቸው የተረፈች ሳንቲም ይሰጧቸው ነበር። ስድስት ተጠራቀሙ። እሁድ ከሰዓት በኋላ አባትየው ልጆቻቸውን አጠገባቸው ቁጭ አድርገው፣ አንድ በአንድ በመዳፋቸው ላይ እያገላበጡ ያሳዩዋቸዋል። ባለቤቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ እንዳይጠፉባቸው ብሎ፣ ከጫማ ሰፊው ጎረቤት ማስቲሽ ለምኖ ስድስቱንም ሳንቃ ላይ ለጠፋቸው። ትልቋንማ ሥዕል ያለበትን ፊቷን ደፍቶ ነው የለጠፋት። አባቱ ከሥራ ሲመለሱ ሳንቃውን አቅፎ በር ላይ ጠበቃቸው። ሰውየው ሳንቃውን ተቀብለው አዩና «ጎበዝ! ከእንግዲህ የትም አይሄዱም» ብለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉለት።

«ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ አገላብጠው አላሳዩንም» አለኝ ባለቤቴ። «አንድ ደስታ ነበረቻቸው፤ እሷን አጠፋሁባቸው።» አባቱም አንድ ቀን ሳይወቅሱት አረፉ። የሰውን ሳንቲም ሁሉ ሲያላቅቅ የኖረው ሰውዬ እነዚያን ስድስቱን ለመንካት ግን አልደፈረም። ሳንቃውም ታላቅ እህቱ ቤት ተሰቅሎ ኖረ።

ባለፈው ወር እትዬ ሳንቃውን በአንሶላ ጠቅልለው ሱቃችን ከች አሉ። በአሥር ዓመት የሚበልጡት እህቱ ናቸው፤ ምላሳቸው ግን አላረጀም።

«ልጄ ቤት ልገባ ነው» አሉ። «ግድግዳዋ ሁሉ መስኮት ነው፤ መስቀያ የለውም። አላቅቃቸውና ሦስት ሦስት እንካፈል።»

«እትዬ፣ ቢበላሹስ?»

«ሃምሳ ዓመት ተለጥፈው ከኖሩ ወዲያ ምን ይሆናሉ! ደግሞ ትልቋ ላይ ያለችውን ወፍ ሳላይ አልሞትም።»

«መርከብ ናት።»

«ወፍ ናት አልኩህ!»

ይኼ ክርክራቸው ከኔ ትዳር በዕድሜ ይበልጣል። ልክ የሆነው ሰው ትልቋን እንዲወስድ ተስማሙ። እትዬ ሲወጡ «ቅዳሜ እመጣለሁ። ካቃተህ ቢላዬን ይዤ ነው የምመጣው» አሉ። ባለቤቴ ሳንቃው ላይ አፍጥጦ ቀረ። «አሁን ደግሞ ብቧጭራት» አለኝ፣ «ሁለት ጊዜ አጠፋሁባቸው ማለት ነው።» ሳንቃውን መልሶ በአንሶላው ጠቀለለው።

ሰኞ ጀመረ። መስኮቱን ከፈተ፣ አሴቶን ከእሳት ጋር አይቀልድም ብሎ ካውያዬን አስነቀለኝ። በሳንቲሙ ዙሪያ ጠብ ጠብ ያደርግና በሻይ ብርጭቆ ይከድነዋል። ማስቲሹ እንደ ማስቲካ ሲለሰልስ፣ ከኔ የወሰደውን የጂንስ ክር በሥሩ አስገብቶ ግራና ቀኝ በቀስታ ይስባል። የመጀመሪያዋ ስትነሳ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ከዚያ ክዳን ባለው ብርጭቆ፣ አሴቶን ውስጥ፣ ቅሪቱ ራሱ እስኪረግፍ ድረስ፤ ከዚያ በውሃ ማለቅለቅ፤ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስተኝቶ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ማድረቅ። እስከ ሐሙስ አምስቱ ያለ አንድ ጭረት ተነሱ። ባለቤቴ ማፏጨት ጀመረ፤ ምሳም በሰዓቱ ሊደርስ ትንሽ ቀረው።

ስድስተኛዋ ግን ወይ ፍንክች! ትልቋ ናት። ሐሙስ ከሰዓት አሴቶን፣ ዓርብ ቀኑን ሙሉ አሴቶን፤ ክሩ ሦስት ጊዜ ተበጠሰ። ያው ሳንቃ፣ ያው ማስቲሽ፣ ያው የለጠፋት እጅ። ሰውየው ምግብ አስጠላው። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ደረሱ፤ ከቦርሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ የወጥ ቤት ቢላ አወጡ።

«ዞር በልልኝ።»

«እትዬ፣ በእናታችን!»

እኔም ከመኪናዬ ቀና አልኩ። «ለሰው ሁሉ መጀመሪያ በውሃ ትላለህ። ይቺን በውሃ ሞክረሃታል?»

«በገዛ እጄ የለጠፍኩትን ማስቲሽ አጣዋለሁ? ማስቲሽን ውሃ ምን ያደርገዋል!»

«ታዲያ ብትሞክር ምን ትሆናለህ?»

«ይሞክራታ!» አሉ እትዬ፣ ቢላቸውን ሳያስቀምጡ።

አሴቶኑ ተንኖ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ እያጉረመረመ ጥጥ በለብታ ውሃ ነክሮ ከበባትና ብርጭቆውን ደፋባት። ሻይ ቀዳሁ። እትዬ ሁለተኛውን ሻይ ሳይጨርሱ፣ ባለቤቴ በጣቱ ጫፍ ቢነካት፣ ትልቋ ሳንቲም እንደ ሳሙና ተንሸራታ መዳፉ ላይ ወደቀች። ክር አልተሳበም፣ ምንም አልተደረገም።

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሳንቃውን መረመረ፣ ነጩን ዝልግልግ ቅሪት በጣቱ ነካ፣ አሸተተ። «ይኼ ማስቲሽ አይደለም» አለ። «የዱቄት ሙጫ ነው። ማስቲሹ ድሮ ተነስቷል፤ አንድ ጭረት እንኳ የለም። እኔ ዱቄት አልነካሁም።»

እትዬ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ቆይ፣ ቆይ። የደብተር መሸፈኛ ሙጫ እኔ ነበርኩ የማፈላው። አንድ ቀን አንተ ትምህርት ቤት ሳለህ አባዬ መጥተው ‹እስቲ ትንሽ ሙጫ አፍይልኝ› አሉኝ። ለምን ብላቸው ለፖስታ ነው አሉ። አባዬ መቼ ደብዳቤ ጽፈው ያውቃሉ!»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባን። አባትየው ሳንቲሟን አንስተዋል፣ አጽድተዋል፣ ልባቸው እስኪጠግብ አይተዋል፤ ከዚያ ልጃቸው እንዳደረገው ፊቷን ደፍተው፣ ልክ በቦታዋ መልሰዋታል። አንዷን ያለ ጭረት ያነሳ እጅ ስድስቱንም ማንሳት አያቅተውም ነበር። አልፈለጉም። ልጃቸው የሠራላቸውን ሥራ ማፍረስ አልፈለጉም።

«ሲያሰኛቸው ያዩዋት ነበር» አለ ባለቤቴ። «ውሃ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋቸው። አላጠፋሁባቸውም!» እንባው እየወረደ ይስቅ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ!

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ሳንቲሟን ገለበጡ። ሸራዋን የዘረጋች መርከብ ናት።

«ይኸው፣ ክንፏ!» አሉ።

«ሸራ ነው እትዬ።»

«ክንፍ ነው!»

ባለቤቴ ሳንቃውን አየ፣ ቀና ብሎ ማስታወቂያውን አየ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ዱቄት አለን?» አለኝ። እኔ ራበው ብዬ ደስ አለኝ። ቀድሞ የገባቸው እትዬ ናቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው «ማንም እንዳይነካብኝ፤ ያን ጊዜም ያፈላሁት እኔ ነኝ» አሉ። መካፈሉ በዚያው ተረሳ።

ሳንቃው፣ ስድስቱም በዱቄት ሙጫ ተመልሰውበት፣ አሁን ከስፌት መኪናዬ በላይ ተሰቅሏል፤ ትልቋም እንደ ድሮዋ ፊቷን ደፍታ። እሁድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ይመጣሉ። ጥጥና ለብታ ውሃ ይቀርባል፣ ትልቋ ትነሳለች፣ ወፍ ናት መርከብ ናት ይባላል፣ ተመልሳ ትለጠፋለች።

በቀደም እኚያ ጡረተኛ መምህር ሳንቃውን አይተው ማስታወቂያውን በጣታቸው አሳዩት። «አይለጠፍም ይላል እኮ! ይኼን ታዲያ ማን ለጠፈው?»

ባለቤቴ ደረቱን ነፋ አድርጎ «አባቴ» አላቸው።