አክስቴና «አልቋል» የምትባል ቃል

አክስቴን ሰፈሩ «አረፋ» ይላታል። ሳሙና ስለምትሠራ ብቻ አይደለም፤ ቆማ ማለም ስለምትወድም ጭምር ነው። ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ዘይቱንና ሶዳውን በረጅም እንጨት እያማሰለች ዓይኗ እንፋሎቱ ላይ ፈዞ ይቀራል። «የት ሄድሽ?» ስላት «ሱቄ ውስጥ ነኝ፤ በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ገባ» ትለኛለች።

ሱቋ መንገዱ ጥግ ላይ ያለችው፣ በሁለት በኩል መስኮት ያላት ባዶ ክፍል ነበረች። አክስቴ በሐሳቧ መደርደሪያውን ሰቅላለች፣ ሳሙናዎቹን ደርድራለች፣ ከደንበኛ ጋር ሳይቀር ተጣልታ ታርቃለች። የጎደላት ንግድ ፈቃድ ብቻ ነበር። አከራዩ ደግ ሰው ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ማከራየት ግን አይችሉም። «እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ጸጉር አስተካካዩ ይገባበታል፤ እሱም በር በሩን እያየ ነው» ብለዋታል።

ለዚህ ፈቃድ ስንት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ተንከራታለች! ኮሪደሩ ረጅም፣ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሸለብ ሲያደርጋት ሱቋን ታያለች፤ ስትነቃ መስኮቱ ላይ ያቺው ቃል ትጠብቃታለች። አልቋል። ቅጹ አልቋል። የማህተሙ ቀለም አልቋል። ሰዓቱ አልቋል። እኔ ብሆን ጠረጴዛ እገለብጥ ነበር፤ እሷ ግን «እሺ፣ ሌላ ቀን» ብላ ትወጣለች። ይህ ትዕግሥቷ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከዚያ መንግሥት አሠራሩን ቀየረው። ያ ሁሉ ፊርማ ቀረ፤ ጉዳዩ በአንድ መስኮት ሆነ ተባለ። አክስቴ ሐሙስ ዕለት ሄደች። አዳራሹ ብርሃን በብርሃን፣ ወለሉ እንደ ውኃ የሚያብለጨልጭ፣ የሚቆጣም የሚያመናጭቅም የሌለበት። በሕልሟ የምትራመድ መሰላት። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት መታወቂያዋን ተቀብላ የሱቋን አድራሻና ስልኳን ጠየቀቻት፣ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና ፈገግ አለች።

«አልቋል እናቴ!»

«ይሁን ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አለች አክስቴ። ወጣቷ የታተመውን ፈቃድ ልታመጣ ዞር ብላ ስትመለስ መስኮቱ ላይ ማንም የለም።

አክስቴ ወደ ቤት ስትመለስ አከራዩ ጋ ጎራ አለች። «ጋሼ፣ ቤቱን ለጸጉር አስተካካዩ ስጡት። በእኔ ምክንያት ሰው ለምን ይጉላላ?» አለቻቸው። ቤት ገብታ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ እንኳ አልተለወጠም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ስልክ ተደወለ።

«እናቴ፣ ፈቃድዎን ትተውት ሄዱ እኮ! አልቋል አልኩዎት አይደል?»

አክስቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ፈዛ ቆመች። ከዚያ ሳቋ መጣ። «ለካስ ያለቀው ጉዳዬ ነው!» እያለች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ የት እንዳለ አልታየኝም።

አብረን ሄድን። ጥጉን ስናልፍ ጸጉር አስተካካዩ መስታወቱን እየሰቀለ ነበር። ሳያድር ዕቃውን አስገብቷል። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ገበያህ ይድራ» ብላ ከልቧ መረቀችው። እኔን ያማረኝ መስታወቱን መስበር ነበር።

ወጣቷ ፈቃዱን በሁለት እጇ ሰጠቻት። ስሟ አለ፣ ፎቶዋ አለ፣ የሥራው ዓይነት «ሳሙና» ይላል፣ ከሥሩ የጥጉ ክፍል አድራሻ። አክስቴ ጣቷን አድራሻው ላይ አሳርፋ ቆየች።

«ይቺ እንኳ አሁን የኔ አይደለችም» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ችግር አለው እናቴ! ያ መከራ ድሮ ቀረ፤ አድራሻ መቀየር አሁን ቀላል ነው።» ወጣቷ ጣቶቿን ለመጻፍ አዘጋጅታ በደስታ ቀና አለች። «አዲሱን ይንገሩኝ።»

አክስቴ አፏን ከፈተች፤ የምትነግራት አድራሻ ግን አልነበራትም።