የእናቴ ቃልና የቆርቆሮው ጣሪያ

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንቅልፍ ያመጣል የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። እኔን ያነቃኛል፤ አንቅቶም እስኪነጋ ያንገበግበኛል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ጎንደር ውስጥ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጎን፣ ከእንግዲህ አይድኑም የተባሉ ድሆች የሚያርፉበት ቤት ነበር። ጠበል ተጠምቀው፣ ሐኪምም አይቷቸው ያልሆነላቸው ከወገራም ከደንቢያም ከሳንጃም እየመጡ የመጨረሻ ቀናቸውን እዚያ ያሳልፉ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። ያፈሳል፣ ቁንጫም አለው፤ ይታደስ መባሉን ማንም አልጠላም። እናቴ ሆዷን ታማ እዚያ ስትገባ፣ የፒያሳ እመቤቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ቤቱን ሊያሳድስ ነው ሲባል እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

አሳደሱት። ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ተመታ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ፣ የብረት አልጋ ገባ። ከቆርቆሮው ሥር ለኮርኒስ የሚወጠር አንድ ጣቃ አቡጀዲም መጥቶ፣ ቤቱን የሚጠብቁት እማሆይ ተቀብለው በእጃቸው ሲዳብሱት አይቻለሁ። የምረቃው ቀን ግን ፀሐዩ የሚያቃጥል ሆነ፤ ከጠቅላይ ግዛቱ የመጡት እንግዶች እንዳይጠቁሩ ተብሎ አቡጀዲው ለዳስ ተወሰደ። ተቆራረጠ፣ ከእንጨት ጋር ተቸነከረ፣ ጠጅ ፈሰሰበት። እማሆይ ኮርኒሱስ ብለው ቢጠይቁ፣ ከእመቤቶቹ አንዷ ለበሽተኛ ኮርኒስ ምን ያደርግለታል፣ ዋናው አለማፍሰሱ ነው አሉ። የእሳቸው ቤት ኮርኒስ አለው። የሁሉም ቤት ኮርኒስ አለው። በየማኪናቸው ገብተው ሄዱ፤ ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይ በሩ ላይ ቀረ።

እናቴ አንድ ታላቅ ወንድም ነበራት። ወገራ ላይ በአባታቸው መሬት ድንበር ተጣልተው፣ እሷ በቄስ ፊት ስሞት እንዳትቀብረኝ ብላ በግዝት አስራዋለች። ይህ በአገራችን ቀልድ አይደለም። የተገዘተ ሰው ከሬሳው አጠገብ አይቆምም፣ አፈር አያለብስም፤ ያሰረው አፍ ራሱ ካልፈታው በቀር። መድከሟን ሲሰማ አጎቴ ማንም ሳይጠራው በእግሩ መጣ። ገብቶ ፊቷ መቆም ግን አልደፈረም። ደጅ አጥሩ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። መምጣቱን ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ግን የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ አለች።

ቄሱ እንደገቡ ሰማዩ ተቀደደ። ሐምሌ ነበር፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይወግረው ጀመር። ከእናቴ ቀጥሎ ባለው አልጋ የተኛው ሰውዬ ሲያስል ደረቱ ሲነሣ አያለሁ እንጂ ድምፁን አልሰማም። ቄሱ ጆሯቸውን ከንፈሯ ላይ አስጠጉ። እናቴ ተናገረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ረጅም ነገር ነው የተናገረችው። ቄሱ ቀና ብለው አልሰማሁም ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ድገሚልኝ ብለው በእጃቸው አመለከቷት። ደገመች። እኔም ጎንበስ አልኩ፤ የሰማሁት በረዶውን ነው። ፈትተሽው ከሆነ ራስሽን ነቅንቂልን እንዳንላት እሷም አትሰማንም፤ ዓይኗንም ጨፍናለች። እንደገና ስትሞክር ትንፋሿ አልበቃትም። ዝናቡ ሲያባራ እናቴ አልነበረችም።

አጎቴ በሩ ላይ ቆሟል፤ ውሃው ከጋቢው ይንጠባጠባል።

«ምን አለች?» አለኝ።

«አልተሰማም፣ አያ።»

«ምነው? አልተናገረችም?»

«ተናግራለች።»

ወደ ቄሱ ዞረ። እሳቸው መስቀላቸውን ጨብጠው፣ «ልጄ፣ በግምት ግዝት አይፈታም» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸውን አልቆጣም። አጎቴ ቀብሩን ከቅጥሩ ውጭ፣ ወይራ ሥር ቆሞ አየ። እህቱን አፈር ሳያለብስ ወገራ ተመለሰ። ይቅር ብላው ይሆናል፣ ግዝቱን አጥብቃውም ይሆናል፤ እስኪሞት ድረስ አላወቀም። እኔም አላውቅም። አቡጀዲ በረዶን ባይከለክልም ድምፁን ትንሽ ያሰክነው ነበር፤ አንዲት ቃል ትበቃን ነበር። ያችን ቃል ለእንግዶች ጥላ አደረጓት። ይህን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

በዚያው ወር፣ በጃንሆይ ልደት ቀን፣ ማኅበሩ ለበሽተኞቹ ዳቦ ይዞ መጣ። እኔ እዚያ የቀረ የእናቴን ልብስ ልወስድ ሄጄ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ በአልጋዎቹ መካከል ቆሞ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ስለ ቤቱ መታደስ ንግግር ጀመረ። ዝናቡም ጀመረ። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁት። እመቤቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። አሁን ገባቸው ብዬ ልቤ ዘለለ።

ጸሐፊው ግን ወረቀቱን አጠፈ። ወንበር ቀረበለት፣ ሻይ መጣለት፤ ዝናቡ እስኪያባራ እግሩን አነባብሮ ጠበቀ። ሲያባራ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ንግግሩንም እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዲት ቃል ሳይጎድልበት ጨረሰ።