ያልተላቀቀው መጋጠሚያ

አናጢው ዕድሜ ልኩን ሚስማር እንደጠላ ኖረ። «ሚስማር ያልተስማሙ እንጨቶችን በግድ ማስታረቅ ነው፤ ከልብ የተግባቡ ሽማግሌ አያስፈልጋቸውም» ይል ነበር። ከእጁ የወጡ አልጋዎችና ቁም ሳጥኖች እንደ ሁለት እጅ ጣቶች ተቆላልፈው የተገጣጠሙ ነበሩ፤ ቤት ሲቀየር ደረጃ ቢወርዱ፣ በጭነት መኪና ቢንገጫገጩ አፋቸውን ከፍተው አያውቁም። ወርክሾፑን ዘግቶ ቤት መዋል ሲጀምር ግን ይህ ሁሉ ጥበብ የሚያርፍበት አጣ። ቤት መዋል የሰለቸው ሰው አንዱ ይጸልያል፣ ሌላው ጎረቤት ያማል። እሱ አንዲት ያረጀች የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ገዛ።

መኪናይቱ ከሹፌሩ ወንበር በስተኋላ ባዶ ሆድ ብቻ ነበረች፤ በሯ ሲከፈት የዱቄት ሽታ ገና ያውዳል። እሱ ግን ያየው ቤት ነው። ወለሉን በስስ የእንጨት ገበታ፣ በኮምፔልሳቶ አለበሰው። ዕቃ መደርደሪያ፣ የማንኪያ መሳቢያ፣ ሲፈለግ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ሠራላት። በአንደኛው ግድግዳ ጎን ደግሞ ቀን መቀመጫ፣ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን አግዳሚ ወንበር አቆመ። በዕድሜው የሠራው ምርጥ ሥራ እሱ ነበር፤ መጋጠሚያው ላይ ጥፍርህን ብታስኬድ የሚይዝህ ነገር የለም። ከአግዳሚው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይም መስኮት ቆረጠ፤ አዋቂ ካልጎነበሰ የማያይበት፣ ዝቅ ያለ መስኮት።

«ይሄ ደግሞ ለማን ነው? ለድመት?» አለችው ሚስቱ።

«ለባለቤቶቹ» አላት።

ባለቤቶቹ የሴት ልጁ ልጆች ናቸው። ትልቋ ነገር ሁሉ «ለምን?» ስለሆነባት አያትየው «ወይዘሪት ለምን» ይላታል፤ ታናሹ ገና አፉን እየፈታ ያለ፣ ጉንጩ ከፊቱ ቀድሞ የሚመጣ ድንቡሼ ነው። አናጢው ሐይቁ ዘንድ ወስዶ ሊያሳድራቸው ቃል ገብቶላቸዋል። ወይዘሪት ለምን መዋዕለ ሕፃናት ልትገባ ነው፤ ከገባች ወዲያ እንደ ልብ አትገኝም። መኪናይቱን ከዳቦ ወደ ቤት የቀየራትም ለዚሁ ነበር። ልጆቹ ካልተሳፈሩባት፣ ያን ሁሉ ጊዜ የደከመው ለአንድ ትልቅ ሣጥን ነው።

ሴት ልጁ ልብስ ሰፊ ናት። መኪናይቱን ለማየት የመጣች ዕለት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ገብታ ዞር ዞር አለች፤ መደርደሪያውን ነካካች፤ «እጅህን ይባርከው አባዬ» አለች። እሱም ደረቱ ነፋ አለ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ያሰረላቸውን የደህንነት ቀበቶ አንስታ ጎተተችው።

«ቀበቶው የታሰረው ከምን ላይ ነው?»

«ከአግዳሚው ላይ ነዋ! ይሄ እንጨት ዝሆን ያስራል።»

«አግዳሚውስ የታሰረው ከምን ላይ ነው?»

«ከወለሉ። በኮላና በሚጠመዘዝ ቪት።»

«ወለሉ ኮምፔልሳቶ ነው አይደል?» ወለሉን በተረከዟ መታ መታ አደረገችው። «አባዬ፣ አዝራር ሲነቀል አይተህ ታውቃለህ? ክሩ ተበጥሶ እኮ አይደለም ሁልጊዜ። እኔ ክሩን ሳጠነክረው ጨርቁ ነው የሚቀደደው። አዝራሩ ከነክሩ፣ ከነጨርቁ ይመጣልሃል።»

«እንጨትና ጨርቅ አንድ ነው ያለሽ ማነው?»

«ደግሞ ወደ ጎን ነው የሚቀመጡት። ፍሬን ሲያዝ አንገታቸው ወዴት ነው የሚሄደው? ጭንቅላታቸው አጠገብ የጠረጴዛ ጥግ አለ። ይቅርታ አርግልኝ፣ ልጆቼ በዚህ አይሄዱም።»

«አንቺን በምን አሳደግኩሽ? በጭነት መኪና ላይ፣ በቁም ሳጥን መሀል ተቀምጠሽ ዕቃ ስናደርስ አልነበር?»

«ተርፌያለሁ። ያልተረፈ መጥቶ አይነግርህም» አለችና ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካክላ ወጣች።

ሰው በማያውቀው ነገር ሲሳሳት «አላውቅም» ይላል፤ ይቅርም ይባላል። የሚያጠፋው በደንብ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ጆሮው ይደፈናል። አናጢው እንጨት ያውቃል። ስለዚህ ሌላ መፍትሔ አልፈለገም፤ እንጨቱን አጠነከረ። አግዳሚውን ፈታና የመጋጠሚያውን ጥርሶች አጥልቆ እንደገና ገጠመው። ኮላ ጨመረ። የጠረጴዛውን ጥግ ላገ። ልጁ ትመጣና አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ትሄዳለች። የድንቡሼን የልጅ ወንበር አምጥታ ስታስቀምጥ፣ አግዳሚው ጠባብ ሆኖ ወንበሩ ግማሹ አየር ላይ ቀረ። አግዳሚውን አሰፋው። ሲያሰፋው በሩ አልከፈት አለ። በሩን ሲያስተካክል መሳቢያው ገጨ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ ነገሩ።

«ለምን አንሄድም?» ትላለች ወይዘሪት ለምን፣ በመጣች ቁጥር።

«እናትሽን ጠይቂያት።»

«እማዬ አያታችሁን ጠይቁ አለች።»

በመጨረሻ ሚስቱ ሰለቻትና ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለጋራዥ ጠራችው። ሰውየው ሰፈሩ ሁሉ «ብሎን» ይለዋል፤ ከአናጢው ጋር ከጉርምስና ጀምሮ «እንጨት ይበልጣል፣ ብረት ይበልጣል» እየተባባሉ ያረጁ ወዳጆች ናቸው። ብሎን ዘይት የጠጣ ቱታውን እንደለበሰ መጣና መኪናይቱ ሥር ተኛ። ለረጅም ጊዜ እግሩ ብቻ ይታይ ነበር።

«ሊቀ እንጨት!» አለ ከታች።

«አቤት፣ አቶ ዝገት።»

«ይሄ አግዳሚህ ከመኪናው ጋር አልተዋወቀም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ወለልህን ነው የያዘው። ወለልህ ደግሞ ማንንም አልያዘም። ቀበቶ የሚታሰረው ከሻንሲው፣ ከመኪናው የብረት አጽም ጋር ነው፤ ከታች በወፍራም ላሜራ፣ በብሎን፣ በዳዶ። ያውም ፊቱን ወደፊት ካዞረ ወንበር ላይ።»

«ታዲያ እዚሁ አግዳሚው ሥር ብሳልኝ።»

«እዚህ ጋ ከበሳሁልህ ነዳጅ ትጠጣለህ። ታንኩ ነው ያለው» አለ ብሎን እየተንፏቀቀ ሲወጣ። «የሚያስረው ብረት ያለው ከዚህ በላይ፣ ወደ ሹፌሩ ጠጋ ብሎ ነው። አግዳሚውን አውጣና የሚኒባስ ወንበር እንግጠምልህ።»

«የሚኒባስ ወንበር! እዚህ ውስጥ!» አናጢው ሚስቱን ለምስክርነት ዞር ብሎ አያት። «ሰምተሻል? በሠርግ ቤት መሀል የአህያ ኮርቻ አስቀምጥ ነው የሚለኝ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ሚስቱ። «እንደ እኔ ከሆነ መጨቃጨቁን ተዉትና ሞክሩት። አሸዋ በጆንያ ሙሉ፣ በልጆቹ ልክ። እሰሩና ፍሬን ያዙ። ያኔ እንጨቱም ብረቱም አፉን ይዘጋል።»

ይህ አናጢውን ደስ አሰኘው። መጋጠሚያው ይፈተን! ሁለት ጆንያ አሸዋ ሞላ፤ አንዱን በወይዘሪት ለምን ልክ፣ አንዱን በድንቡሼ ልክ። ሚስቱ በትንሹ ጆንያ አናት ላይ የድንቡሼን ኮፍያ ደፋችበት። «እንዲያውቁት ነው፣ ማንን እንደጫኑ» አለች። እሱ ቀበቶዎቹን አሰረ፣ ስቦ ሞከረ፣ «ዝሆን!» አለ ለራሱ።

ከጋራዡ በስተኋላ የቆሙ መኪኖች ብቻ ያሉበት ሰፊ ሜዳ አለ። ብሎን መሪ ያዘ፤ ሌላ ማንም አልገባም። አናጢው፣ ሚስቱና ሴት ልጁ ከአጥሩ ጥግ ቆሙ። መኪናይቱ ከወዲያኛው ጫፍ ተነስታ መጣች፤ እንደ ከተማ መንገድ እንጂ እንደ እብድ አልነበረም አመጣጧ። ብሎን ፍሬን ረገጠ።

ከሆዷ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ድብ! ከዚያ ማንኪያ መሬት ላይ ሲበተን።

በሩን የከፈተው አናጢው ራሱ ነበር። አግዳሚው ቦታው ላይ የለም። ከነጆንያዎቹ፣ ከነቀበቶዎቹ፣ ከሥሩ የተገነጠለ የኮምፔልሳቶ ቁራጭ እንደ ምላስ አንጠልጥሎ፣ በሹፌሩ ወንበር ጀርባ ላይ ተለጥፏል። አንደኛው ጆንያ ፈንድቶ አሸዋው ወለሉ ላይ ይፈሳል። ኮፍያው አሸዋው ላይ ወድቋል።

አናጢው ገባና አግዳሚውን ገለበጠው። በአውራ ጣቱ ጥጎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ዓይኑ በራ።

«አልተላቀቀም!» አለ። «እዩት! መጋጠሚያው አልተላቀቀም! ጥርሱ ንቅንቅ አላለም!»

ከዚያ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ፣ «እሰይ!» አለች። «ልጆቹ ሳይነጣጠሉ አብረው በረሩ ማለት ነዋ።»

ብሎን ሊስቅ አፉን ከፈተና የአናጢውን ልጅ አይቶ ዘጋው። እሷ ጎንበስ ብላ ኮፍያውን አነሳች፣ አሸዋውን አራገፈች፣ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «ነግሬህ ነበር» ብትለው ይሻለው ነበር፤ መልስ ነበረው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አኩርፎ አሳለፈ። ማንን እንዳኮረፈ ቢጠየቅ አያውቅም። ልጁን እንዳይል እውነቷን ነው፤ ብሎንን እንዳይል እውነቱን ነው፤ እንጨቱን እንዳይል እንጨቱ የታዘዘውን ሠርቷል። እሱን ያበገነው ይህ ነበር። ሥራው ቢበላሽ ኖሮ አስተካክሎ ይገላገል ነበር፤ ሥራው ግን ፍጹም ነው፣ ፍጹምም ሆኖ አይረባም። ሕይወቱን ሙሉ የጠየቀው «እንጨቱ እርስ በርሱ ተያይዟል ወይ?» ብሎ ነው። የተያያዘው ነገር በሞላው ምን ላይ እንደቆመ ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን አይሮጥም።

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» አለችው ሚስቱ ሳህን እያጠበች።

«ተመክሬያለሁ። ሁለተኛ አትምከሪኝ።»

በማግስቱ ብሎን ከተጣሉ መኪኖች ግቢ የሚኒባስ ወንበር አመጣ፤ የራሱ የብረት እግር፣ የራሱ ቀበቶ ያለው። ቀለሙ ግራጫ ይሁን አረንጓዴ መወሰን ያቃተው፣ ጥጉ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የማስቲካ ቅሪት የተለጠፈበት ወንበር። አናጢው ሲያየው ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊቱን አጨማደደ። ቢሆንም ወለሉን በራሱ እጅ በሳ። ብሎን ከሥር ሆኖ ላሜራውን ደግፎ ዳዶውን አጠበቀ።

«ሌላ ዙር ጨምር» አለ አናጢው ከላይ።

«ጠብቋል።»

«ጨምር አልኩህ።»

በአሸዋ ደግመው ሞከሩት። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። አናጢው ደስ አላለውም፤ እንዲያውም ባሰበት። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር እንዲህ መታመኑ የእሱን ዕድሜ የናቀ መሰለው።

አግዳሚውን አሳጥሮ የተረፈውን በበሩ በኩል መለሰው፤ ማታ እሱና ሚስቱ እግራቸውን አጥፈው ነው የሚተኙት። መስኮቱም፣ ያ ለልጆቹ የተቆረጠው፣ አሁን ከወንበሩ በስተኋላ ቀረ።

ሊሄዱ የተነሱ ዕለት ልጁ መጣች። የልጆቹን ወንበሮች ከሚኒባሱ ወንበር ላይ ራሷ አሰረች፤ ድንቡሼን ፊቱን ወደ ኋላ፣ ወይዘሪት ለምንን ወደፊት። ቀበቶውን ሳበች። በጉልበቷ ወንበሩን ገፋችው። እንደገና ሳበችው። አናጢው ከበሩ ላይ ያያል፤ ደንበኛ ፊት እንዲህ ቆሞ አያውቅም።

«በደህና ግቡ አባዬ» አለች።

«አያዬ፣ ይሄ ወንበር ለምን ያስጠላል?» አለች ወይዘሪት ለምን ገና ከሰፈር ሳይወጡ።

«እናትሽን ጠይቂያት።»

«እማዬ የለችም።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

«ለምን መስኮቱ አይታየኝም? ድንቡሼ ብቻ ነው የሚያየው!»

እውነት ነበር። በዚያ መስኮት ማየት የቻለው ፊቱን ወደ ኋላ የዞረው ትንሹ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተማው ሳያልቅ ተኝቷል።

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ከአንድ ግቢ ውስጥ ኳስ ዘለለ። ኳሱን ተከትሎ ውሻ። አናጢው ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ። የማንኪያው መሳቢያ ተወርውሮ ከመደርደሪያው ተጋጨ፤ ማንኪያ እንደ በረዶ ወረደ። ውሻው ኳሱን ይዞ ተመለሰ።

አናጢው ወደ ኋላ ለመዞር አንገቱ እንቢ አለው። እጁ መሪው ላይ ነው፤ ጣቶቹ አልላቀቅ አሉት። ሚስቱ ነበረች የዞረችው። ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። ድንቡሼ ከእንቅልፉ ነቅቶ ጭኑ ላይ የወደቀ ማንኪያ ይልሳል። ወይዘሪት ለምን ቀበቶው ላይ ተንጠልጥላ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «አያዬ!» አለች። «ድገመው!»

መኪናይቱን ዳር አስያዘ። ወርዶ ኋላ ገባ፤ ቀበቶዎቹን ዳሰሰ፣ የወንበሩን የብረት እግር ዳሰሰ፣ ማስቲካው ያለበት ጥግ ላይ እጁን አሳርፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ማንኪያዎቹን መልቀም ጀመረ፤ ሲለቅም እያጉረመረመ፣ መሳቢያውን ሲሠራ ለምን መቆለፊያ እንዳልሠራለት ራሱን እየረገመ።

«ገመድ አለ?» አላት ሚስቱን።

ሰጠችው። መሳቢያውን ከመደርደሪያው እግር ጋር ጠፍሮ አሰረው፤ ጠረጴዛውን አሰረ፤ ድስቱን አሰረ። ሁሉም ነገር ታስሮ ሲያበቃ ወደ መሪው ተመለሰ። እስከ ሐይቁ ድረስ ሳይታሰር የቀረ የእሱ ምላስ ብቻ ነበር፤ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ወንበሩ ቀለም፣ ስለ ብሎን፣ ማታ ስለሚታጠፈው እግሩ።