ግንባሩ ላይ መስመር ያለው ወጣት

አክስቴ "አንብቢልኝ" ካለችኝ በኋላ ጽሑፉን በመዳፏ የከደነችው ለምን ነበር? ዛሬ ጋምቤላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ሠዓሊዎች የሚተርክ የልጆች መጽሐፍ ስገልጥ የወረቀቱ ሽታ ጥያቄውን ቀሰቀሰብኝ።

ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን ነው፤ ዘግይቼ ትምህርት ቤት የገባሁ ልጃገረድ ነበርኩ። በተዋስኩት የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ግንባሩን ከጆሮ እስከ ጆሮ በምላጭ የተቆረጡ መስመሮች የሚያቋርጡት ወጣት ተሥሏል። አክስቴ በጣቷ ዳሰሰችው።

"ቾል ነው! ለወንድነቱ ወግ አባቱ ያስቆረጠው ግንባር ይጠፋኛል? የት አለ ይላል? አንብቢልኝ።"

ቾል ድንበር ተሻግሮ ለጦርነት የሄደ ልጇ ነው። እኔ ጽሑፉን ቀድሜ አንብቤዋለሁ። አፌን ስከፍት መዳፏ ጽሑፉ ላይ ወረደ።

"ቆይ፣ ይደር።"

ዳግም አልጠየቀችኝም። እሷን በቀበርን ማግስት ለሴት ልጇ ነገርኳት፦ "ሠዓሊው 'ይህን ሰው አይቼው አላውቅም፤ ከሐሳቤ ነው የሣልኩት' ይላል።"

"ታዲያ መስመሮቹን ማን አሳየው?" አለችኝ።